የታላቅ ወንድም እጅ

የጆንግዱን ፊት ሴኡል ውስጥ የማያውቀው የለም፤ ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዋናው ተዋናይ ጎን ቆሞ ሥጋ ሻጭም፣ መነኩሴም፣ ዐቃቤ ሕግም፣ የንጉሥ ጃንደረባም ሆኗል። የታክሲ ሾፌሮች በመስታወት እያዩት፣ "አንድ ሰፈር ነበርን እንዴ?" ይሉታል። "ሳይሆን አይቀርም" ብሎ ዓይኑን ይጨፍናል። ማስረዳት ከሰለቸው ቆይቷል።

ዘንድሮ በአንድ ተከታታይ ድራማ ላይ ስትሮክ የመታው አባት ሆኖ ሠራ። ማጥናት አላስፈለገውም። ኢንቾን ከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረው ታላቅ ወንድሙ ፒልዱ ግራ ጎኑን ስትሮክ መትቶታል። ጆንግዱ የታጠፈውን እጅና የሚጎተተውን እግር እንዳለ ወስዶ ተጫወተው። ተመልካቹ አለቀሰ። እሱ ግን ለአዲስ ዓመት ወንድሙ ቤት ሳይሄድ ቀረ። "ቀረጻ አለብኝ" አለ፤ አልነበረበትም።

በመጨረሻ የወንድሙ ሚስት ደወለችለት። "ና እንጂ፣ አይበላህም።"

እሑድ ከሰዓት አንድ ካርቶን መንደሪን ይዞ ሄደ። ፒልዱ ወለሉ ላይ ተቀምጦ በደህናው እጁ ሾርባ ይጠጣል። ቀና ብሎም አላየው።

"እጄን ወሰድክብኝ" አለ፣ ቃላቱን እየጎተተ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ሳትጠይቀኝ።"

"ብጠይቅህ እምቢ ትላለህ ብዬ ነው።"

"እምቢ እል ነበር።" ማንኪያውን አስቀመጠ። "ፊዚዮቴራፒ የምሄድበት ቦታ ሴቶቹ ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ? 'አባባ፣ ልክ እንደዚያ ተዋናይ ነው የሚራመዱት' ይሉኛል።"

ሚስቱ ከወጥ ቤት ሳቀች። ጆንግዱ መሳቅ ፈልጎ አልቻለም።

"ወንድሜ ነው አላልካቸውም?"

"አልኳቸው። 'እሺ አባባ' ብለው እግሬን ማሸታቸውን ቀጠሉ።" አፉን በደህናው እጁ ጠረገ። "ለመሆኑ የድራማው ሰውዬ ይድናል?"

ጆንግዱ የሚቀጥለውን ክፍል ጽሑፍ አንብቧል። መዋሸት አማረው፤ ግን ደክሞታል።

"ይሞታል፣ ጋሼ። በሚመጣው ሳምንት።"

ፒልዱ የታጠፈውን እጁን በደህናው ይዞ ጭኑ ላይ አስተካክሎ አኖረው። "በደንብ ሙትለት" አለ። "አትቸኩል። ከዚያ በኋላ ሥራ አለህ?"

"እስካሁን የጠራኝ የለም።"

"እንግዲያው እዚህ ትሰነብታለህ። ጋደም በል፣ ፊትህ አመድ መስሏል።"

ጆንግዱ ከሥሩ በሚሞቀው ወለል ላይ ጋደም አለ። ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ እንቅልፍ ወሰደው። የወንድሙ ሚስት አውቶቡስ እንዳያመልጠው ልትቀሰቅሰው ስትል ፒልዱ በዓይኑ ከለከላት፤ ቴሌቪዥኑንም ራሱ ዝቅ አደረገው።