ዝም ላለች አንዲት ተማሪ ወደ አንኮበር

ማክሰኞ ማለዳ፣ ደብረ ብርሃን

ጉዞዬ በጭነት መኪና ነው። የመሥሪያ ቤታችን ላንድሮቨር ጎማ የለውም ከተባለ ወራት አልፈዋል፤ እኔም መጠየቁ ሰልችቶኛል። ጤና ረዳት ነኝ፤ ሥራዬ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞርኩ የተማሪ ዓይን፣ ጆሮና እከክ ማየት ነው። የዛሬው ግን ሌላ ነው። ከአንኮበር አንድ ትምህርት ቤት በደረሰን ደብዳቤ መሠረት፣ ወርቅነሽ የምትባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ መናገር ካቆመች ሁለት ወር ሆኗታል። ታማ ከሆነ እንድጽፍ፣ ጤነኛ ከሆነች ደግሞ በእምቢተኝነት እንድትባረር ነው የፈለጉት። የሚኒስትሪ ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ሹፌሩ ሦስት ብር ተቀብሎኝ የገብስ ጆንያ ላይ አወጣኝ። አጠገቤ የተቀመጡት የአልዩ አምባ ነጋዴ የሽምብራ ቆሎ ዘገኑልኝ።

«ምን ልትሠራ ነው የምትሄደው ልጄ?»

«አንዲት ተማሪ ታማ ልመረምራት።»

«አላህ ያሽራት። የዘንድሮ ልጅ ሕመሙ አይታይም እኮ።»

ጉሙ የመንገዱን ጠርዝ ውጦት፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጭንቅላቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አሸለብኩ።

ከቀትር በኋላ፣ የአንኮበሯ ጎረቤላ

የትምህርት ቤቱ «ክሊኒክ» የጠመኔ ማስቀመጫ ክፍል ነው። አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጠርሙስ አዮዲን፣ ጥቂት አስፕሪን።

«ጓድ፣ አድማ እንዳይሆን ነው የፈራነው» አለኝ ዳይሬክተሩ። እሱም ደክሞታል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

የወርቅነሽን ጉሮሮ፣ ምላስና ጆሮ አየሁ። ምንም የለም። ሌላ የማውቀው ምርመራ አልነበረኝም። እርሳስና ወረቀት ሰጥቻት ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ብዙ ቆይታ ጻፈች፦

«ተፈራ ሞቷል። ወፍጮ ቤት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። አፌን ከከፈትኩ ለእናቴ ያመልጠኛል።»

ተፈራ ወንድሟ ነው፤ ዐምና ለብሔራዊ ውትድርና ሄዷል። መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ ነው የሚነገረው፤ በልጅ አፍ አይነገርም። ይህችን ልጅ ምላስሽን አውጪ ማለቴ አሳፈረኝ።

አመሻሽ ላይ ስለ እንቅልፏና ስለ ምግቧ ልጠይቅ እናቷ ወይዘሮ ዘነበች ቤት ሄድኩ። ወርቅነሽ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር። ወይዘሮ ዘነበች የገብስ ቂጣ አቀረቡልኝና በሩን ገርበብ አደረጉት።

«ሐኪም፣ በእመቤቴ ይሁንብዎ፣ ለልጄ እንዳይነግሩብኝ። ወንዱን ልጄን አፈር በልቶታል። አብሮት የዘመተው እግሩን አጥቶ ሲመለስ ነገረኝ። ፈተናዋን እስክትጨርስ ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ በመሐላ አስሬዋለሁ።»

የቆረስኩትን ቂጣ መለስኩት። እናትና ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ከአንድ መሶብ እየበሉ አንዱን ሬሳ ተደባብቀዋል። የልጅቱን ምስጢር ማውጣት አልነበረብኝም፤ ግን አወጣሁት።

«ታውቃለች» አልኳቸው።

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «እንግዲያው ነገ እንደ ወጉ ይነገረን» አሉ።

ረቡዕ፣ ጎሕ ሲቀድ

የንስሐ አባታቸው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጥተው መርዶውን ተናገሩ። ወርቅነሽ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«እማዬ፣ አንቺም ታውቂ ነበር?»

ድምጿ የተሰባበረ፣ ሻካራ ነበር። ደጅ ቆሜ አለቀስኩ።

ዳይሬክተሩ ግን ወረቀት ይፈልጋል። «በሽታው ምንድን ነው?»

«ኀዘን ነው። ሳምንት ለቅሶ ትቀመጥ፤ ስሟ አይሰረዝ።»

«ከጦሩ ደብዳቤ ሳይመጣ ሞተ ብለን እንጻፍ? ማን ይፈርማል?»

«እኔ።»

ፈረምኩ። በዚያ ዘመን ጦሩ ያላሳወቀውን ሞት መጻፍ ቀላል አልነበረም።

ሐሙስ፣ ቤቴ

ደብረ ብርሃን በዝናብ ገባሁ። ባለቤቴ እግሬን የምታጠብበት ውሃ አሙቃ ብታቀርብልኝ ሳልነካው ተኛሁ። በኋላም ማንም ስለ ፊርማዬ አልጠየቀኝም፤ ወርቅነሽ ፈተናውን መውሰዷንም ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ክፍል ስገባ ዓይንና ጆሮ ከማየቴ በፊት «ከቤታችሁ ሰው የጎደለባችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። እስካሁን እጅ ያልወጣበት ክፍል አላጋጠመኝም።