ጋሽ ሞሃን ያልነኩት ጊታር

ባለፈው ቅዳሜ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ካለ የህንድ ሱቅ እርድ ልገዛ ገብቼ ጊታር ሰማሁ። ዘፋኝ የለበትም፤ አንዷን ድምፅ ይዞ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ይወርዳል። እርዱን እንደያዝኩ እዚያው ደርቄ ቀረሁ።

ወጣት ሳለሁ እዚሁ ሰፈር፣ ከእኛ አፓርታማ ሥር ጋሽ ሞሃን ይኖሩ ነበር። "ጋሽ" ያልናቸው እኛ ነን። ካልካታ ሳሉ በሬዲዮ የሚታወቁ፣ ከተማ ለከተማ እየዞሩ የሚጫወቱ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸውን ተከትለው እዚህ አውሮራ ከመጡ ወዲህ ግን ነዳጅ ማደያ ካሸር ሆነው ቀሩ። ከሥራ ሲገቡ ወለሉ ላይ ይቀመጡና ጊታሩን ጭናቸው ላይ ያጋድሙታል። ክሩን በጣት አይጫኑም፤ አጭር ብረት ያንሸራትቱበታል።

ታክሲ ነጂው አባዬ ኩላሊቱ ከከዳው በኋላ፣ ከዲያሊስስ ሲመለስ እኛን ትቶ እሳቸው ዘንድ ይወርድ ነበር። የሁለቱም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ስለሆነ ብዙ አያወሩም። አንድ ቀን ምስር ወጥ ይዤ ስወርድ አባዬ፣ "ስሞት ይጫወቱልኝ" ሲላቸው ደረስኩ። ጋሽ ሞሃን ብረቱን አስቀምጠው እጁን ጨበጡት።

አባዬ የሞተው ፓርኪንጉ ጥግ የተቆለለው በረዶ ጠቁሮ ገና ሳይሟሟ ነው። ከግሌንዴል የመጡ ዘመዶች ፍራሽ ላይ ተደርድረው ሳሉ፣ ጋሽ ሞሃን ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ጊታራቸውን አቅፈው በሩ ላይ ቆሙ።

"ኧረ ጉድ ነው! ለቅሶ ቤት ዘፈን?" አሉ የእማዬ አክስት።

እማዬ የአባዬን ቃል ታውቃለች። "ዓመቱ እስኪወጣ እኛ ቤት ሙዚቃ አይሰማም በያቸው። ያን ጊዜ ይምጡ" አለችኝ። እንዳለችው ነገርኳቸው። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ወረዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥር ድምፅ ጠፋ። ተቀየሙን አልን። ምግብ ስንልክላቸው አመስግነው ይቀበላሉ፤ ጊታሩ ግን በጨርቅ እንደተሸፈነ ነው። ወንድሜ አርባው እንዳለፈ መኪናው ውስጥ ዘፈን መክፈት ጀመረ፤ ማንም ምንም አላለውም።

የሙት ዓመቱ ዕለት ሰው ከተበተነ በኋላ ልጃቸው ደግፋ አመጣቻቸው። በሩ ላይ ወደ ኋላ አስቀረችኝና፣ "ወለሉን አልፎ ይሰማችኋል ብሎ ዓመት ሙሉ አልነካውም" አለችኝ። ዴንቨር ውስጥ ትልቅ መድረክ ተጋብዘው፣ ስንት ዘመን የጠበቁትን፣ "ሐዘን ላይ ነኝ" ብለው መልሰውታል። እኛ እኮ የራሳችንን ቤት እንጂ የእሳቸውን ማለታችን አልነበረም! በዚያው ዓመት ደግሞ ሪህ ጣቶቻቸውን ያዛቸው።

ጋሽ ሞሃን ጊታሩን ይዘው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። አባዬ የሚወዳትን መነሻ ድምፅ አወጧት፤ ወደ ላይ ስትሄድ ተንቀጠቀጠች። እንደገና ሞከሩ። ብረቱ ከእጃቸው አምልጦ ወደቀ።

እማዬ አንስታ መዳፋቸው ውስጥ አስገባችው፤ እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። "ይበቃል ጋሼ፣ ሰምቶዎታል" አለች። ተረጎምኩላቸው።

ብዙም ሳይቆይ ልጃቸው ወደ ሌላ ስቴት ይዛቸው ሄደች። መሞታቸውን የሰማነው ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው፤ ለቅሶ እንኳ አልደረስንም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የእርዱን ከፍዬ መኪና ውስጥ ገባሁ። እዚያ ስትጠብቀኝ የነበረችው ልጄ እንደ ልማዷ ሙዚቃ ልትከፍት ስትል እጇን ያዝኳት።

"ማሚ፣ ምነው? ማን ሞተ?"

"ጎረቤታችን" አልኳት። ቤት እስክንደርስ ምንም ሳንከፍት ሄድን።