እጅ የማያስገባው በር

አዲስ የተላገ ጣውላ በሸተተኝ ቁጥር ከብዙ ዓመታት በፊት ያየኋት ጠባብ የመርከብ ክፍል ትታወሰኛለች።

አክስቴ በወንዙ ወደብ ሃያ ሁለት ዓመት ትኬት ቆርጣለች። ስንቱን ሰው ለሦስት ቀን ሽርሽር ሸኝታ፣ እሷ ግን አንድ ሌሊት እንኳ መርከቡ ላይ አድራ አታውቅም። ጡረታ ስወጣ እሄዳለሁ ስትል እግሮቿ ከዷትና ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዋለች። ያኔ መራመድ ያቃተው መንገደኛ ወደ መርከቡ የሚገባው በመርከበኞች ትከሻ ነበር። አክስቴ ግን፣ "ሻንጣ ሳስጭን ኖሬ ሻንጣ ሆኜ አልጫንም" ብላ ቁርጡን ተናገረች።

የወደቡ አናጢ ይህን ሰሙ። በልኬት ቀልድ ስለማያውቁ ሁላችንም "ሚሊሜትር" እንላቸው ነበር። ማንም ሳያዛቸው ወንበሯን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ተውሰው ወሰዱ። ለመርከቡ ረጋ ያለ መወጣጫ ሠሩ፤ የአንዱን ክፍል የበር ደፍ ነቀሉ፤ መቃኑንም አሰፉ።

የጉዞው ቀን አክስቴ እኔን አስከትላ፣ መንኰራኩሮቹን በገዛ እጇ እየገፋች መወጣጫውን ወጣች። የክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ወንበሩ ይገባል፤ መንኰራኩሩን የሚገፋው እጇ አይገባም። የጣቶቿ አንጓ መቃኑን ፍቆ ተላጠ። አናጢው ለካ ባዶውን ወንበር ነው የለኩት።

"አንተ ሚሊሜትር፣ እጄን የት ላድርገው? ኪሴ ውስጥ?" አለች።

"እትዬ፣ እኔ ከኋላ ልግፋዎት፤ አንዴ ብቻ ነው" አለ አንድ መርከበኛ።

"አንዴ ከገፋኸኝ ሦስት ቀን ልትገፋኝ ነው። ግድ የለም፣ ወደ ቤት መልሱኝ።"

የአናጢው ፊት ቲማቲም መሰለ። "እትዬ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ" አሉ።

ካፒቴኑ ሰዓቱን አየ። "ሰው እየጠበቀ ነው እኮ።"

"እሳቸውም ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቀዋል" አሉ አናጢው፣ ቀና ሳይሉ።

ካፒቴኑ መነሻው በአንድ ሰዓት እንዲዘገይ አዘዘ። አክስቴ በክንዷ ተደግፋ በሩ አጠገብ ወዳለው አግዳሚ ወንበር ተዛወረች። አናጢው ራሳቸው ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ እየገፉ ወደ በሩ ሄዱ፤ የእሳቸውም አንጓ ተላጠ። አንጓቸውና ክርናቸው የነካበትን በእርሳስ ምልክት አደረጉና መቃኑን ነቀሉት።

"የኔ ክንድ ከርስዎ ይሰፋል፤ ለኔ ከበቃኝ ለርስዎ ይተርፋል" አሉ።

"ይሁን፤ ጉዞው ላይ ብወፍርስ?" አለች አክስቴ። መርከበኞቹ ሁሉ ሳቁ። ወደ ቤት የሚለው ነገር በዚያው ቀረ።

ሰዓቱ ሳይሞላ አክስቴ ገባች። ማንም አልነካትም። ክፍሉ መሀል ወንበሯን ዞር አድርጋ እስከ መስኮቱ ደረሰች። ውሃውን ስታይ ትከሻዋ ዝቅ ሲል ተመለከትኩ። ዛሬ ብዙ መርከቦች ሰፊ በር አላቸው፤ እኔ ግን ለሁሉም የማመሰግነው አናጢውን ነው።

ያን ቀን ግን ምስጋናው አፌ ላይ ቀረ። እኔም አክስቴም ወንዙን ስናይ፣ አናጢው የእንጨቱን ፍቅፋቂ ጠራርገው፣ መጋዛቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉ ወጡ።