ውሃው ሲሞቅ የሚነዝረው ቦይለር

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ኮልፌ ውስጥ ተከራይቼ የምኖርበት ግቢ የባልና ሚስት ነበር። ባልየው፣ ሐጂ፣ መርካቶ ጨርቅ ይነግዳሉ። ሚስትየው፣ ተከራዮቹ ሁሉ እትዬ የምንላቸው፣ ከግቢው በር አጠገብ ባለችው ክፍል ሙቅ ውሃ መታጠቢያ ከፍተው ነበር። ሱቁም ቤቱም የሐጂ ነው፤ ባኞ ቤቱ ግን የእትዬ ብቻ ነበር። ቦይለሩን ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ቤት ራሳቸው ሄደው ገዙት። ግድግዳውን ሲለስኑት ከሠራተኞቹ አጠገብ አልተለዩም። ሳሙናውንም በቢላ እየቆረጡ ለደንበኛ የሚሰጡት ራሳቸው ናቸው። ከአስኮ መንገድ የሚመጡ ሹፌሮችና ተሸካሚዎች፣ ዓርብ ጠዋት ለጁምዓ የሚዘጋጁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ለእሑድ ቅዳሴ የሚተጣጠቡ፣ ሁሉም እዚያ በር ላይ ተራ ይጠብቃሉ።

ከዚያ ቦይለሩ ሰው መንዘር ጀመረ።

መጀመሪያ ሰዉ ያጉረመርም ነበር እንጂ ያመነው አልነበረም። አንድ ዓርብ ግን አንድ ሹፌር ፎጣ አገልድሞ፣ ፊቱ ላይ ሳሙና እንደያዘ፣ እየጮኸ ወደ ግቢው ወጣ።

«እትዬ! የሚሸጡት ውሃ ነው ወይስ መብረቅ?»

አጥር የምንዋሰናት ሽንኩርት ሻጭ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ «ምን ይደረግ፣ ዓርብ አይደል? ጾም ውሎ ርቦት ነው የነከሰህ!» አለችው። ተራ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ። እትዬ ብቻ አልሳቁም።

ሐጂ ነገሩን ለማጣራት ለውዱእ የሚጫሟትን የእንጨት ነጠላ ጫማ አድርገው ገቡና ቧንቧውን ጨበጡት። «ምንም የለውም» አሉ።

«ጫማህን አውልቅና ንካው» አሉ እትዬ።

«ለምን አወልቃለሁ?»

«በጫማ የሚታጠብ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ሐጂ እልህ ያዛቸውና አንዱን እግራቸውን አውጥተው እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ አቆሙ። ቧንቧውን ነክተው አንዴ «ያ አላህ!» ሲሉ ሁለተኛው ጫማ በሩን አልፎ ተወረወረ። ትንሽ ቆይተው፣ እጃቸውን እያሻሹ፣ ቁርጡን ተናገሩ፤ «ይሄ ነገር ሰው ሳይገድል ከቤቴ ይውጣ። የሚመጣው ዓርብ ጠዋት የመርካቶ አሮጌ ዕቃ ገዢ መጥቶ ይወስደዋል። ክፍሏን ለጨርቅ እፈልጋታለሁ።»

ያን ቀን ከሰዓት እትዬ ክፍሌን አንኳኩ። እኔ አየር ጤና መንገድ ላይ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ነበር የምሠራው። ሙያውን ያገኘሁት የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታሁና አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ነው። ቦይለር ነክቼ አላውቅም ነበር፤ እንደዚያው ነገርኳቸው።

«ሬዲዮ የሚሠራ ሰው ቦይለር ያቅተዋል?»

«ሬዲዮ ሰው አይገድልም፣ እትዬ።»

«እኮ! አንተ ዘንድ የመጣሁት ለዚህ ነው። አንተ ሳታጣራ ነገር አትነካም። ዓርብ ይወስዱብኛል፣ ልጄ።»

ቦይለሩን የተከለው ኤሌክትሪክ ሠሪ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ መጥቶ ነበር። ከጣልያኖች ጋር የሠራ፣ እጁ የተመሰከረለት ሽማግሌ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ፈትሾ ምንም አላገኘም። ጥርሱን የሚያመው ሰው ሐኪሙ ደጅ ሲደርስ ሕመሙ እንደሚተወው፣ ቦይለሩም እሱ ሲመጣ ጨዋ ይሆናል። ማን ማን እንደተነዘረ እትዬን ብጠይቅ አንዳንድ ቀን መጀመሪያ የገባው፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ መጨረሻ የገባው ነው። አንዳንድ ቀን ማንንም አይነካም። ሥርዓት የሌለው ነገር ይመስል ነበር። እኔ ግን ሥርዓት የሌለው ብልሽት አይቼ አላውቅም፤ ሥርዓቱ ያልተገኘለት ነው እንጂ።

ከሥራ የምፈታው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ሰኞና ማክሰኞ ሽቦውን ከግድግዳው እስከ ቦይለሩ ተከትዬ አየሁ። ውሃው የሚመጣው ጣሪያ ላይ ከተሰቀለ በርሜል በጎማ ቱቦ ነው። በመሬት ውስጥ የሚያልፍ የብረት ቧንቧ ቢሆን ኖሮ ያመለጠው ኤሌክትሪክ በእሱ በኩል ወደ መሬት ይሄድ ነበር። እዚህ ግን ከቦይለሩ ወደ መሬት የሚወስድ ምንም መንገድ የለም፤ ያለው መንገድ የሚታጠበው ሰው ብቻ ነው። ይህ ሰው ሊገድል የሚችልበትን ምክንያት ነገረኝ፤ ከየት እንደሚያመልጥ ግን አልነገረኝም።

ረቡዕ ዱካ ይዤ ገብቼ ከቦይለሩ ሥር ተቀመጥኩ። እጀታዋ ውስጥ ቅንጣት መብራት ያለባት ካቻቢቴ አለችኝ፤ ኤሌክትሪክ ያለበትን ነገር ስትነካ ትበራለች። የቦይለሩ ቀይ መብራት በርቷል፤ ውሃውን እያሞቀ ነው ማለት ነው። ካቻቢቴዋን አካሉ ላይ ባስነካት ጨለማ ናት። ሽማግሌው ያየው ይህንን ነው፤ አይቶም ሄዷል። እኔ አልሄድኩም።

ውሃው ሲግል ቴርሞስታቱ፣ ሙቀቱን ጠብቆ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው ዕቃ፣ ቀጭ አለ። ቀዩ መብራት ጠፋ። ካቻቢቴዋን እንደገና ባስነካት ቦግ አለች።

ሲሠራ ጨዋ ነው፤ ሲያርፍ ይነዝራል!

ዱካዬ ላይ እንዳለሁ አሰብኩት። ወደ ቦይለሩ የሚገቡት ሽቦዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ኃይል ያመጣል፣ አንዱ ይመልሳል። ቴርሞስታቱ የሚቆርጠው አንዱን ብቻ ነው። መላሹን ከቆረጠ ቦይለሩ የጠፋ ይመስላል እንጂ ኃይሉ ውስጡ ቆሞ ይቀራል። ስፒናውን ከሶኬቱ ነቅዬ፣ ግራውን ወደ ቀኝ አዙሬ መልሼ ሰካሁት። መብራቱ እንደጠፋ ነው። ካቻቢቴዋ አልበራችም።

«አልሃምዱሊላህ!» አሉ እትዬ በር ላይ ቆመው። ሐጂም ከኋላቸው «ይሄ ሁሉ ጣጣ ስፒና ለማዞር ነው?» አሉ።

«ይቆዩ» አልኩ።

«ደግሞ ምን ትጠብቃለህ?»

«እስኪቀዘቅዝ።»

ሙቁን ውሃ ከፍቼ ለቀቅሁት። ከበርሜሉ ቀዝቃዛው ገባ፣ ቴርሞስታቱ ቀጭ አለ፣ ቀዩ መብራት በራ። ካቻቢቴዋም አብራ በራች። አሁን ደግሞ ሲያሞቅ ይነዝራል።

ሐጂ «አየሽ? ዞር ሲሉለት እሱም ዞሮ ይነክሳል» አሉ።

ለእኔ ግን ያን ጊዜ ነው ሁሉም የተገለጠልኝ። ሐጂ እሳት ይነሳል ብለው ስለሚፈሩ ስፒናው በየምሽቱ ይነቀላል፤ ጠዋት የሚሰካው ደግሞ እጅ እንደመራ ነው። በአንድ በኩል ከተሰካ ውሃው ገና ሲሞቅ የገባው ይነዘራል፤ በሌላው ከተሰካ ሙቀቱን ጠብቆ የገባው። ስፒናው ሕመሙን ከቦታ ቦታ ያዛውረዋል እንጂ አያድነውም። ሕመሙ ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስቴንሳ ነው፤ እሱም ከቴርሞስታቱ ጋር በሚገናኝበት ጫፍ በኩል መሰንጠቅ አለበት። ይህንን ለሁለቱም ነገርኳቸው።

ሐጂ በጥሞና ሰሙኝ። «መሰንጠቅ አለበት ነው ወይስ ተሰንጥቋል?»

«ነገ ከፍቼ አሳይዎታለሁ።»

ሐሙስ ከአሠሪዬ ፈቃድ ጠይቄ ቀረሁ። በማለዳ ኤሌክትሪኩ እንዲቋረጥ ቫልቮላውን፣ ፊውዙን፣ ከቆጣሪው አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ፤ ሌላ ሰው እንዳይመልሰው። ውሃውን አፈሰስኩ፣ ብሎኖቹን ፈታሁ። ሬዚስቴንሳው ኖራ ለብሶ እንደ አጥንት ነጭ ሆኖ ወጣ። ኖራውን በቀስታ ስፍቀው በዚያው ባልኩት ጫፍ በኩል ጥቁር ስንጥቅ ታየ፤ ጥፍሬ ይገባበታል።

ሐጂ ወደ ሱቅ ሊሄዱ ተነስተው ነበር። ስንጥቁን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ከዚያ ሬዚስቴንሳውን ከእጄ ወስደው እንደ ጣቃ ጨርቅ በስንዝር ይለኩት ጀመር።

«የሚታየው ቁመቱ ነው ውፍረቱ?»

«ሁለቱም። የሚታሰርበት አንገቱም።»

በጋዜጣ ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ከተቱት። ለእትዬ «አሮጌ ዕቃ ገዢውን አልከለከልኩትም፤ ነገ ይመጣል» ብለው ወጡ። ለምሳ ሲመለሱ ሁለት አዳዲስ ሬዚስቴንሳ ይዘው መጡ። «አንዱ እንቢ ቢልስ?» አሉኝ። አንዱ እውነትም እንቢ አለ።

ሁለተኛው ገጠመ። ስፒናውን ቆርጬ ጣልኩት፤ በምትኩ ሁለቱንም ሽቦዎች አንድ ላይ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ከበሩ ውጭ ከፍ አድርጌ ግድግዳው ላይ መታሁ። ቴርሞስታቱን ኃይል በሚያመጣው ሽቦ ላይ አሰርኩ። የመታጠቢያው ውሃ በሚወርድበት፣ አፈሩ ሁልጊዜ በሚረጥብበት ቦታ፣ የብረት ቧንቧ በመዶሻ ወደ መሬት አስገባሁ፤ ከቦይለሩ አካል ሽቦ ወስጄ አጥብቄ አሰርኩት።

«ሬዚስቴንሳው አዲስ ነው። ይሄ መዶሻ ለምንድነው?» አሉ ሐጂ።

«አዲሱም አንድ ቀን ይሰነጠቃል።»

«ጭንቅላትህ ጠንካራ ነው» አሉና መሬት የገባውን ቧንቧ በእግራቸው ገፋ አድርገው አዩት። አልተነቃነቀም።

ዓርብ ጠዋት አሮጌ ዕቃ ገዢው ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ጋሪ አስከትሎ መጣ። ደንበኞችም በር ላይ ነበሩ፤ ማንም ግን ወደ ውስጥ አልተራመደም። ቀዩ መብራት በርቶ ሳለ ለካሁ፤ ጨለማ። ቴርሞስታቱ ቀጭ ብሎ ሲጠፋ ለካሁ፤ ጨለማ። «አሁን ይቻላል» አልኩ። አንዱ ሌላውን አየ።

እትዬ ነጠላቸውን ለሽንኩርት ሻጯ አስያዙ። ጫማቸውን በሩ ላይ አውልቀው «ቢስሚላህ» ብለው ገቡና ዘጉት። እኔ እጄን ማጥፊያው ላይ አድርጌ ቆምኩ። ሐጂ ጆሯቸውን ወደ በሩ አዘነበሉ። ውሃው መውረድ ጀመረ፤ ድምፃቸው ግን አልተሰማም። ቆየ። ቀጭ ሲል ሁላችንም ሰማነው፤ ውሃው አሁንም ይወርዳል።

«ሐጂ!» አሉ ከውስጥ።

ሐጂ ደነገጡ። «ምን ሆንሽ?»

«ያን ሰውዬ ባዶውን እንዳትሸኘው። ከእኔ ቀጥሎ ገብቶ ይታጠብ!»

ሰውየው ሐጂን አያቸው። ሐጂ በእጃቸው ወደ በሩ አመለከቱት። ገመዱን ከትከሻው አውርዶ ጋሪው ላይ ጣለና ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ይፈታ ጀመር።