ከብረቱ ወዲህ የቀረን

እናቴ ከመሞቷ በፊት የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ማክሰኝት ገበያ እንደሚሄድ ጤፍ መኪና ላይ እንዳትጭኑኝ። በእግር ሸኙኝ። አንቺ ደግሞ አፈር እስክለብስ ከአጠገቤ እንዳትርቂ።» ይህ ምን ከባድ ነገር አለው ብዬ እሺ አልኳት። ቤተ ክርስቲያኑ ከደጃችን ፊት ለፊት ነው፤ ቅዳሴው ቤት ቁጭ ብለን ይሰማናል።

በመካከል ግን አስፋልቱ አለ። መንገዱ ሲሰፋ መሃል ለመሃል ደረት የሚደርስ ብረት ተተከለበት። ለመሻገር የፈለገ እግረኛ እስከ አደባባዩ ወርዶ፣ ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ሽቅብ መመለስ አለበት። የእግረኛ መንገድ ተብሎ የተተወልን ክዳኑ የወለቀ ቱቦ ነው፤ ክዳን ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ አሸዋ ተቆልሏል። ባጃጅ ብትለምኑት «ለዚች? ኮንትራት ካልሆነ!» ብሎ ያልፋችኋል። እኔ ማራኪ ሰፈር ተከራይቼ ነው የምኖር። በየሳምንቱ ከሚኒባስ ወርጄ የእናቴን ደጅ ከማዶ እያየሁ ስዞር የምራገመውን እርግማን የንስሐ አባቴ ቢሰሙ ጉድ ነበር። ማመልከቻ ይዤም ተመላልሻለሁ፤ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ። እናቴ ጉልበቷ ሲደክም መዞሩን ተወችውና ከደጃችን ቆማ ትሳለም ጀመር። ባየኋት ቁጥር ቆሽቴ ያርራል። ማረሩ ምንም አልፈየደላትም።

ያረፈችው በዓቢይ ጾም ነው። ካህናቱ ቅዳሴ ከመግባታቸው በፊት የእሷንና የአንድ ሌላ ሰው ቀብር መጨረስ ነበረባቸው። እንደ ወጉ ካህናቱ ከፊት፣ ሳጥኑን የተሸከሙት ወንዶች ከኋላቸው፣ እኛ ሴቶች ከሁሉም ኋላ ሆነን ወጣን። ክንዴን የያዘችው የእናቴ ታላቅ እህት ነበረች፤ እህቷ ስትታመም ከአዲ አርቃይ መጥታ አብራን የከረመች፣ እግሯን እየጎተተች የምትሄድ ሴት ናት።

አስፋልቱ ዳር ስንደርስ የእድሩ ዳኛ ቆመው ቁልቁል አዩ። በአንድ በኩል ቱቦ፣ በሌላው የጭነት መኪና። አራት ሰው ሳጥን ተሸክሞ የሚሄድበት አይደለም።

«በዚህስ አናልፍም። በብረቱ ላይ እናሳልፋት» አሉ።

«አያ፣ እኛስ?» አልኳቸው።

«እናንተማ ዙሩና ድረሱብን።»

መኪኖቹ ቆሙ፤ ከአንድ ሚኒባስ የወረዱ ተሳፋሪዎች ኮፍያቸውን አወለቁ። ወጣቶቹ ብረቱ ላይ ወጡና ሳጥኑን ከእጅ ወደ እጅ አሳለፉት። መሃል ላይ ጋደል ሲል «ቀስ!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም እያለቀሰ ማን ይስማኝ። ካህናቱና የቀሩት ወንዶችም እየተደጋገፉ በብረቱ ላይ ተሻገሩ። እኔም ሮጬ ሄጄ አንድ እግሬን ብረቱ ላይ አወጣሁ።

«ምነው ልጄ፣ እኔን ለማን ትተሽኝ?» አለች አክስቴ፤ እግሯን እየጎተተች ተከትላኝ አስፋልቱ መሃል ቆማለች።

ወረድኩ። መኪኖቹ እንደገና መሄድ ጀመሩ። ሳጥኑ በቅጽሩ በር ሲገባ ከማዶ አየሁት፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

አለቀስንም፣ ሄድንም። አክስቴ በየአሥር እርምጃው ትቆማለች፤ ቱቦው አፉን በከፈተበት ስንደርስ ሁለት ሴቶች ደግፈናት እንሻገራለን። ባጃጁ ሁሉ ሞልቶ ያልፋል። ትቻት ልሩጥ ብዬ አስቤያለሁ፤ አልዋሽም። ግን እናቷን ልትቀብር አክስቷን አስፋልት ላይ ጥላ የሮጠች ልባል ነው? እርምጃዋን እየጠበቅኩ አብሬያት ሄድኩ።

ቅጽሩ ውስጥ ስንገባ ወንዶቹ አካፋ እየሰበሰቡ ነበር። ዳኛው ሲያዩን ደነገጡ።

«ምነው! አሁን ነው የደረሳችሁ? ለቅሷችሁ እኮ ይሰማን ነበር። ከኋላችን የቆማችሁ መስሎን…» አሉና አቀረቀሩ። ቀና ብለው ደግሞ «ሸጋ አድርገን ነው የቀበርናት» አሉኝ። ልቆጣቸው አልቻልኩም። በቀብር ላይ ሴት ምንጊዜም ከኋላ ናት፤ ዞሮ የሚያይ ወንድ የለም። ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ነውና ድምፃችን ያለ እኛ ተሻግሮ ደርሷል።

አክስቴ ክንዴን ለቀቀችና ወደ መቃብሩ አየች። ገና ያልደረቀ ሁለት የአፈር ክምር ጎን ለጎን ነበር።

«የኛዋ የቷ ናት?» አለችኝ።

ሁለቱንም ደጋግሜ አየሁ።

«ቆይ አክስቴ፣ ልጠይቅልሽ» አልኳት።