ኮት የለበሰው ኮምፒዩተር

በአክስቴ ቤት ራቁቱን የሚቀመጥ ዕቃ አልነበረም። ሬዲዮው ዳንቴል ደርቦ፣ ስልኩ በኪሮሽ የተሠራ ቆብ ደፍቶ፣ ማቀዝቀዣው ሻርፕ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይኖሩ ነበር። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እስከ ዛሬ “ሾፌሩ” ይለዋል። ሶፋ ላይ እንቅልፍ ሸለብ ሊያደርገው ሲል ብድግ ይላል። ምን ሆንክ ስንለው፣ “ከተኛሁ ልኬን ትወስዳለች” ይለን ነበር።

አክስቴ የልብስ ስፌት አስተማሪ ነበረች። በማሠልጠኛው ያስተማረቻቸው ሴቶች መንገድ ላይ ድንገት ሲያገኟት፣ ከሰላምታ በፊት የቀሚሳቸውን ጠርዝ ጎንበስ ብለው ያያሉ። እሷ አፍ አውጥታ አትናገርም፤ ዓይኗ ግን ወልገድ ያለ ቅምቅማት ላይ ካረፈ አይነሣም። በዚያ ሁሉ የማስተማር ዘመኗ የእጇን ሙያ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስትሥልና ስታጠፋ ኖራ፣ ጡረታዋ ሲደርስ፣ “ያወቅሁት ሁሉ ከጠመኔው ጋር ተራግፎ ሊቀር ነው” ብላ የልብስ አቆራረጥ የሚያስተምር መጽሐፍ ለማዘጋጀት ተነሣች። ባልደረቦቿም ለመሰናበቻ አንድ ኮምፒዩተር ሰጧት። እኔ በዚያ ጊዜ ገና ሥራ ይዤ ከእነሱ ጋር እኖር ነበርና የሆነውን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ኮምፒዩተሩ በገባ በሳምንቱ ኮት ተሰፋለት። ኮት ስል ለወጉ ያህል አይደለም። ውጩ ወፍራም ሰማያዊ ጨርቅ፣ ውስጡ ገበር፣ በመካከሉ ጥጥ የገባበት፣ ፊት ለፊት በአራት ቁልፍ የሚዘጋ ነው። በጀርባው ለየሽቦው አንድ አንድ ቀዳዳ ወጥቶለት፣ የየቀዳዳው ከንፈር በሐር ክር ተቋጭቷል። “የእነዚህ ዕቃዎች ጠላት አቧራ ነው” አለችን። ስፌቱ እንዲያ እያማረ ማን ይከራከራታል?

መጽሐፉ ቀስ እያለ አደገ። ኮሌታው፣ ኪሱ፣ እጅጌው፣ እያንዳንዱ ንድፍ በእጇ እየተሣለ ኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ ሃርድ ዲስኩ ላይ ተከማቸ። ማተሚያ ቤቱም እሺ ብሎ ይጠብቃት ጀመር። የሙቀቱ ወር ሲገባ ግን መሣሪያው ከሰዓት በኋላ ላይ ይታክተው ጀመር። መጀመሪያ ስክሪኑ ፈዞ ይቀራል፤ ከዚያ ከውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ድርግም። አክስቴም፣ “ደክሞታል፣ ይረፍ” ትልና ኮቱን እስከ አንገቱ ትቆልፍለታለች።

ሾፌሩ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው አይደለም። “ንድፉ ግልባጭ ያስፈልገዋል” ብሎ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ገዛና ከመጀመሪያው ላይ ደርቦ ሰካው። ደግሞም፣ “ሞተር ያለ ነፋስ አይሄድም” አለና አንዲት ማራገቢያ አምጥቶ ከሣጥኑ ጀርባ በገዛ እጁ አሠረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሣሪያው ከሰዓት በኋላን መጠበቁን ተወ፤ ረፋዱ ላይ መጥፋት ጀመረ። ግልባጩንም ሲሞክሩት እጅጌው ዘንድ ሲደርስ ድርግም ይላል።

“ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” አለችው አክስቴ።

“እኔ ለመርዳት እንጂ…”

“መርዳትህማ መቼ ጠፋኝ። የረዳኸው ሰዓት ላይ ነው የሚጠፋው።”

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን ጭራሽ አልነሣ አለ። አክስቴ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች። ያለ መርፌና ያለ ክር እጇን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እኔም ወጥቼ ጠጋኙን ጠራሁ።

ጠጋኙ ራሱ የተመለጠ፣ የልጆች አባት፣ ከደረት ኪሱ ካቻቢቴ የማይለይ ሰው ነው፤ በዚሁም ምክንያት ስሙ ካቻቢቴ ሆኖ ቀረ። ገብቶ ኮቱን ሲያይ ዙሪያውን አንዴ ዞረው።

“እትዬ፣ በሽተኛውን ብርድ ብርድ ይለዋል እንዴ?”

“አቧራ እንዳይገባው ነው ልጄ።”

ቁልፎቹን አንድ በአንድ በአክብሮት ፈታና ኮቱን አወለቀ። የሣጥኑን ጎን ሲዳስስ እጁን ቶሎ ሰበሰበ። “ሸሚዝ ይተኮስበታል” አለ።

ሣጥኑ ሲከፈት ጉዳችን ታየ። የኮቱ ጥጥ ብን እያለ ገብቶ በፊተኛው ወንፊት ላይ እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል። ዲስኮቹን የሚያገናኘው ሰፊው የሽቦ ቀበቶ እንደ መጋረጃ ተዘርግቶ ነፋሱን ጋርዶታል። ሁለቱ ዲስኮች ደግሞ በመካከላቸው ጥፍር እንኳ አያስገቡም።

“እነዚህን ማን አነባበራቸው?”

ሾፌሩ መስኮቱን ማየት ጀመረ። “ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው።”

“ጋሼ፣ በዚህ ሙቀት ሁለት ወፍራም ሰው ባንድ ጠባብ አልጋ ላይ…”

“ይበቃል፣ ገብቶኛል።”

ካቻቢቴ ጥጡን ጠርጎ፣ ዲስኩ እስኪበርድ ጠብቆ መሣሪያውን ቢያበራው ተነሣ። አክስቴ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። እሱ ግን አልተደሰተም። “ዲስኩ በውስጡ ቀኑን ሙሉ እንደ ስፌት መኪና ይሽከረከራል፤ ስለዚህ ይግላል። ያለ ነፋስ ብዙ አብስላችሁታል። ዛሬ ግልባጩ መውጣት አለበት። መሃል ላይ እንደገና ከጋለ ግን ሁለተኛ ላይነሣ ይችላል፤ ንድፉም አብሮት ይሄዳል።”



ቀጥሎ ቀጭን ክር ጠየቀ። ያ ቤት ክር ቸግሮት አያውቅም። ክሩን ከሣጥኑ ፊት ለፊት፣ ከፋብሪካ አብራው የመጣችው ማራገቢያ ዘንድ አንጠለጠለው፤ ወደ ውስጥ ተሳበ። ወደ ጀርባው፣ ሾፌሩ ያሠራት ማራገቢያ ዘንድ ወሰደው፤ እዚያም ወደ ውስጥ ተሳበ።

“ጋሼ፣ ሁለቱም ያስገባሉ። የሚያስወጣ የለም።”

“ነፋስ እኮ ነው ያመጣሁለት።”

“በእርስዎ አውቶቡስ ተሳፋሪው በፊትም በኋላም በር እየገባ አንድም የሚወርድ ባይኖርስ?”

ሾፌሩ አሰበ። “ረዳቱ ይጮሃል” አለ በመጨረሻ።

“ዲስኩም የጮኸው ለዚሁ ነው።”

ከዚያ መሣሪያው ጠፍቶ ሥራው ተጀመረ። የኋላዋ ማራገቢያ ፊቷን አዙራ እንድታስወጣ ሆነች። አሮጌው ዲስክ ወደ ታች ወርዶ ከፊተኛዋ ማራገቢያ አፍ ላይ ተቀመጠ፤ አዲሱም ባዶ ቦታ ከመካከል ተትቶ ራቅ ብሎ ገባ። ሽቦዎቹን ወደ ዳር ሰብስበን፣ አክስቴ ባቀበለችን ጥብጣብ አሠርናቸው። ካቻቢቴ የዲስኩን ሙቀት በቁጥር የሚያሳይ ፕሮግራም ጫነ፤ ከዚያ መሣሪያውን አጥፍቶ፣ ሽቦዎቹን ነቅሎ ሣጥኑን ወደ ቦታው መለሰና ሌላ ደንበኛ እንደሚጠብቀው ተናግሮ ተነሣ። “ሽቦዎቹን ሰክታችሁ ግልባጩን ጀምሩ፤ በኋላ እመለሳለሁ። ኮት ግን የለም፣ እትዬ።”

“እሺ” አለች አክስቴ።

አፏ እሺ ይበል እንጂ ጆሮዋ ዳባ ለብሶ ነበር። ሾፌሩና እኔ ወጥ ቤት ደርሰን ስንመለስ፣ ኮቱ ተመልሶ ሽቦዎቹ በየቀዳዳቸው አልፈው ተሰክተዋል፤ ግልባጩም ተጀምሯል።

“ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” አለ ሾፌሩ።

“ፊቱን ክፍት ትቼለታለሁ፣ አታይም? በዚያ ይተነፍሳል። ጎረቤት ግድግዳ እያፈረሰ አቧራውን ዝም ብዬ ላብላው?”

ኮሌታው ተገለበጠ። ኪሱም ተገለበጠ። የሙቀቱ ቁጥር ግን መውጣት ጀመረ፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላም ደረጃ እንደሚወጣ ልጅ እየዘለለ። እጅጌው ዘንድ ስንደርስ ያ ድምፅ መጣ፤ ቀጭ ቀጭ።

“አውልቂው!” አለ ሾፌሩ፣ እጁን እየዘረጋ።

“እንዳትነካው! ሽቦዎቹ በቀዳዳው አልፈው ነው የተሰኩት። ለማውለቅ መንቀል አለብን፤ ከነቀልነው ይጠፋል።” ክሩን አንሥታ ወደ ጀርባው ወሰደችው። ማራገቢያዋ ሙቀቱን ትገፋለች፤ ጥጡ አፏን ይዟታል። ክሩ ንቅንቅ አላለም።

አክስቴ ክሩን አየች። ለተማሪዎቿ ሁልጊዜ፣ ኮት ከኋላው ስንጥቅ ካልተተወለት የለበሰውን ሰው ያንቃል ትላቸው ነበር። አሁን ግን፣ “አንቺ ልጅ፣ ትልቁን መቀስ” አለችኝ ብቻ።

ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ላይ መቀስ ስታሳርፍ አይቻት አላውቅም። ግራ እጇን በጨርቁና በሽቦዎቹ መካከል አስገብታ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ገበሩንም ጥጡንም የሐር ክሩንም፣ ሳታመነታ ቀደደችው። ኮቱ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ግራና ቀኝ ወደቀ። የታፈነው ሙቀት ፊቷ ላይ ወጣ፤ ጣቷ ላይ የቀረው ክርም ወደ ውጭ በረረ።

ሦስታችንም ቁጥሩ ላይ አፈጠጥን። ቆመ። ከዚያ አንድ ወረደ። ቆይቶ ሌላ ወረደ። ድምፁ ጠፋ፤ ግልባጩም እጅጌውን አልፎ ወደ ሱሪው ተሻገረ። ሾፌሩም፣ “ተሳፋሪው ወረደ” አለ።

ካቻቢቴ ሲመለስ ግልባጩ አልቆ ነበር። መሬት ላይ የተጋደመውን ኮት አየና ባርኔጣ ባይኖረውም እንዳለው ሁሉ እጁን ወደ ራሱ ላከ። “እትዬ፣ እጅዎ እንዴት እሺ አለዎት?”

“እምቢ ብሎኝ ነበር። መቀሱ ነው የታዘዘኝ።”

ከአዲሱ ዲስክ ላይ ንድፎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ አሳያት። ሁሉም አለ፤ አንድ መሥመር አልጎደለም። እኛ ሦስታችን እየተሳሳቅን ወደ ምሳው ስንነሣ እሷ ግን አልተነሣችም። መነጽሯን አድርጋ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

“ምን ጎደለ ደግሞ?” አላት ሾፌሩ።

“ምንም አልጎደለም። ይሄ እጅጌ ግን ብብቱ ላይ ጠባብ ነው። ይህን የሚለብስ ሰው እጁን አያነሣም። እንዲህ ሆኖማ አይታተምም።” ወንበሯን አስጠጋች። “እናንተ ብሉ፤ ማተሚያ ቤቱም ትንሽ ይታገሠኛል።”

እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ እጅጌውን ማስፋት ጀመረች።