ደመወዝተኛው ሌባ

ሥራው ሰብሮ መግባት ነው። ድርጅቶች ራሳቸው ይቀጥሩትና ኮምፒውተሮቻቸውን እንደ ሌባ ይዞራቸዋል፤ ቀዳዳ ካገኘ እውነተኛው ሌባ ሳይቀድመው ይነግራቸዋል። ከቅጥነቱ የተነሳ ጓደኞቹ «በቁልፍ ቀዳዳ ያልፋል» እያሉ ይቀልዱበታል።

ይህን ሁሉ ለእጮኛው አባት ማስረዳት ግን ጭንቅ ሆነበት። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን የመጋዘን ቁልፍ በወገባቸው አንጠልጥለው የኖሩ፣ ጡረታ ወጥተውም የስኳር ዕቃውን ሳይቀር የሚቆልፉ ናቸው።

«እና ደመወዝተኛ ሌባ ነኝ በለኛ!» አሉት፣ ገና ሳሎን ከመቀመጡ።

«በፈቃድ ነው የምገባው፣ ጋሼ።»

«በፈቃድ የሚገባማ እንግዳ ነው! በል ና።» ጥግ ላይ ወዳለው አሮጌ ኮምፒውተራቸው ወሰዱት። «እራት ሳይቀርብ ይህን ከከፈትክ ልጄን መርቄ እሰጥሃለሁ። ካቃተህ ግን የሠርግ ወሬ እንዳታነሳብኝ።»

እጮኛው ከኩሽና ብቅ አለች። «አባዬ፣ ኧረ ተው በናትህ!»

«አንቺ ወጡን አማስዪ። ሥራው አይደል?»

ቀጭኑን ላብ አጠመቀው። ቢሆንም ሙያው ነውና አስቀድሞ የጽሑፍ ፈቃድ ጠየቀ። ሰውየው እየተነጫነጩ፣ ስማቸውን ፊደል በፊደል ጮክ ብለው እየጠሩ ጻፉና ፈረሙ። ቀጭኑ ቀና ብሎ ከንፈራቸውን አየ።

ከዚያ የይለፍ ቃሉን ለመገመት ሞከረ። የልጅቷ ስም፤ እምቢ። የትውልድ ዓመቷ፤ እምቢ። የሟች እናቷ ስም፤ አሁንም እምቢ። ከኩሽና የሳህን ኳኳታ መጣ። እራት ደርሷል።

«ጋሼ፣ ይሄስ በር ሳይሆን ግንብ ነው» አለ እጁን አንስቶ። «ብቻ ያበላሸሁት ነገር እንዳይኖር እስቲ እርስዎ ይክፈቱት። እኔ ፊቴን አዞራለሁ።»

የሰውየው ፊት እንደ ንጋት በራ። ተቀመጡ፤ አንዲት ጣታቸውን ቀስረው ፊደል ማደን ጀመሩ። ባገኙ ቁጥርም ከንፈራቸው አብሮ ይጽፋል።

«ቀ... ጭ... ኑ... ል... ጄ...»

የሳህኑ ኳኳታ ቆመ። ቀጭኑ ግድግዳው ላይ እንዳፈጠጠ ፈገግ አለ። የተቆለፈ ነገር ስንት ከፍቷል፤ ውስጡ ራሱን አግኝቶ ግን አያውቅም።

«ፊትህን አዞርክ አይደል?» አሉ ሰውየው፣ ጆሯቸው ድረስ ቀልተው።

«አዙሬያለሁ። ጆሮዬን ግን ድፈን አላሉኝም።»

ኩሽናው በር ላይ የቆመችው ልጅቷ ሳቋን መያዝ አቅቷት ሳህኑን ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«ዛሬውኑ እቀይረዋለሁ!»

«ሐሳብዎን ነው፣ ጋሼ?»

«የይለፍ ቃሉን!» አሉና ተነስተው፣ ከራሳቸው ወንበር ጎን ያለውን ሳቡለት። «ና ብላ፣ ንፋስ ሳይወስድህ።»